«የእርስዎ ይሁን» ያልነው እንግዳ ዘፈናችንን ይዞ ስለ መሄዱ

ለኢንተርኔት የፈጠራ ሥራዎች ጥበቃ ረቂቅ አዋጅ አዘጋጅ ኮሚቴ፣
ለክቡር ሰብሳቢው፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለኮሚቴው አባላት፣ እንዲሁም ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ድረስ ይዞዎት ለመጣው ሾፌርዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ዕድሜዎ እንደ ረቂቅ አዋጅዎ አንቀጾች የበዛ፣ እንደ አንቀጾቹ ግን ያልተወሳሰበ ይሁን። እኛ ቡታጅራዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ድምፃችን ብቻ ነበር የጠፋው፤ ስለ እሱ ነው የምጽፍልዎ።

እኔ መሕቡባ ሸምሶ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ሱቅ የሠርግ ቪዲዮ አዘጋጅ ነኝ። ሠርጉን እቀርጻለሁ፣ ቆርጬ እቀጥላለሁ፣ ከዚያም «ሙሽሪት በቡታጅራ» በሚለው የዩቲዩብ ቻናሌ ላይ እጭነዋለሁ። መርካቶ ያለውን ሱቁን ዘግቶ መምጣት ያልቻለ አጎት፣ ጅዳ ሆና አሠሪዋ ፈቃድ የከለከለቻት እህት ሠርጉን የሚታደሙት በዚህ ነው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሠርግ ጭኜ ነበር። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ትዳሮች ፈርሰዋል፤ ቪዲዮዎቹ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሁሉም ደህና ነበሩ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ለጽሕፈት ቤትዎ ቀደም ብዬ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች «ደርሷል» ከሚል ማኅተም በቀር ምንም መልስ ስላላገኙ ነው። ስለ ማኅተሙ ሳላመሰግን አላልፍም፤ በጣም ጥርት ያለ ክብ ነው።

የመዝናኛ ኢንዱስትሪው ባለሀብቶች በሐሳብም በሻይ እረፍትም እየደገፉዎት ያዘጋጁትን ረቂቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቤዋለሁ። ዓላማው የከያኒውን ላብ ከሌባ መጠበቅ ነው ይላል፤ እሰየው ብያለሁ። እኔም ራሴ አርማዬን ከጥግ ቆርጠው የደከምኩበትን ሠርግ በራሳቸው ስም የሚለቁብኝ ሰዎች አሉ፤ ቢያዙልኝ ደስታዬ ነው። ስለዚህ ሌባ ይለምልም ብዬ አይደለም ብዕሬን ያነሣሁት። የእርስዎ ረቂቅ ሌባ ፍለጋ ወጥቶ የቤቱን ባለቤት ይዞብን ስለተመለሰ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት በጎረቤታችን በሳላሀዲን ሴት ልጅ ሠርግ ላይ ነው። አክስቴ ባሂራ የመስቃን ሴት ናት፤ ሰባ ዓመት አልፏታል። በአካባቢያችን እሷ ያልዘፈነችበት ሠርግ ሠርግ መሆኑን የሚያምን የለም። በእኛ ዘንድ የሙሽሪት ወገን ሴቶች የሙሽራውን ወገን በግጥም ይሸነቁጣሉ፣ የሙሽራው ወገንም እንደ አቅሙ ይመልሳል፤ ባሂራ ግጥሙን እዚያው ቆማ ትፈጥረዋለች፣ ዜማው ግን የእናቷ፣ የአያቷ፣ ከዚያም ወዲያ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በዚያ ቀን ዓይኗን ሚዜው ላይ ጣለችና እንዲህ አለች፦

ሚዜው መጣላችሁ በሱፍ ተንቆጥቁጦ፣
የሱፉ ባለቤት ከደጃፍ ተቀምጦ።

ሱፉ በእርግጥም የውሰት ነበር፤ ባለቤቱም በእርግጥ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሥጋም ሲቆረጥ ጠብታ እንዳትነካው አንገቱን እያሰገገ ይጠባበቅ ነበር። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የካሜራዬም ምስል የተንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከታዳሚዎቹ መካከል ከአዲስ አበባ የመጡ፣ አቶ ሰይፉ የሚባሉ የአንድ መዝናኛ ኩባንያ ወኪል ነበሩ። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ በረቂቅዎ አንቀጽ 22 መሠረት የተመዘገበን ስም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መጥራት ምን እንደሚያስከትል አንብቤያለሁና። አቶ ሰይፉ በሉ፣ ጠጡ፣ በመቅረጫቸውም ዘፈኑን ቀዱ። ከዚያም መቅረጫቸውን ሳያጠፉ ወደ አክስቴ ጠጋ ብለው ዜማው እጅግ እንዳማራቸው ተናገሩና የማን እንደሆነ ጠየቁ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ አንድ ደንባችንን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። በእኛ ቤት እንግዳ አንድን ነገር ካደነቀ፣ ባለቤቱ «የእርስዎ ይሁን» ይላል። እንግዳውም ወዲያው «ከቤትዎ አይጥፋ» ብሎ ይመርቃል፤ ዕቃውም ከቦታው ሳይነቃነቅ ሁለቱም ተከብረው ያድራሉ። ሻሽ ቢሆን፣ ላም ብትሆን፣ ቤት ቢሆን ያው ነው። ባሂራም እንዳደገችበት መለሰች፦

«ወደዱት? እንግዲያው የእርስዎ ይሁን።»

አቶ ሰይፉ «ከቤትዎ አይጥፋ» በማለት ፈንታ «ተቀብያለሁ» አሉ፣ ከቦርሳቸውም ወረቀት አወጡ። አክስቴ ደነገጠች፤ ግን በሠርግ ቀን እንግዳን ማሳፈር ነውር ነውና አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች። ሦስት ምስክሮችም ፈረሙ፤ አንደኛው ያው ባለ ውሰት ሱፉ ሚዜ ነበር። ሴቶቹ ማምሻውን ለአቶ ሰይፉ አዘኑላቸው፤ አሳዳጊ ያልነገራቸው ሰው መሆን አለባቸው ብለው። ነገሩም በዚሁ የሚያበቃ መስሎን ነበር። እነሆ፣ ከዚያ ወዲህ የደረሰብንን ከታላቅ አክብሮት ጋር በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ሠርጉን በጫንኩ በአራተኛው ቀን፣ በዩቲዩብ ላይ የተመዘገበ ዜማ የሚያድነው የኩባንያው ማሽን መጥቶ የባሂራን ድምፅ የኩባንያው ንብረት ነው በማለት የቪዲዮዬን ድምፅ ዘጋው። የቀረው ስድሳ ሴቶች አፋቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ ትንፍሽ ሳይሉ የሚዘሉበት ምስል ነው። የሙሽራው አባት ሪያድ ሆነው ይህንኑ አይተው ደወሉልኝ፤ በመሐል ማን ሞቶ ነው ብለው። ማንም እንዳልሞተ፣ እንዲያውም ሁሉም በጣም ደህና እንደነበሩ፣ ድምፃቸውን የወሰደው አዲስ አበባ ያለ ኩባንያ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። እስከ ዛሬ የማስተዛዘኛ ቃላቸውን አላነሡም። ይህ በቻናሌ ላይ የተመዘገበ የመጀመሪያው ጥፋት ሆነ።

2ኛ. ሁለተኛው ጥፋቴ የተመዘገበው መብራት ጠፍቶ ዘፈን በቆመበት ሠርግ ላይ ነው። በቪዲዮው ውስጥ ያለው ድምፅ የጄኔሬተር ብቻ ነበር። ማሽኑ እርሱንም ሰምቶ የኩባንያው የተመዘገበ የሙዚቃ መሣሪያ ቅንብር ነው አለ። አቤት አልኩ፤ መልሱን ሌላ ማሽን ጻፈልኝና የመጀመሪያው ማሽን ልክ እንደሆነ አረጋገጠልኝ። የጄኔሬተሩ ባለቤት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ውስጥ የከያኒ አረማመድ ይራመዳል። በዚህ አጋጣሚ አንድን ወንድማችንን ወደ ኪነ ጥበብ ዓለም ስላስገባችሁልን ከልብ እናመሰግናለን።

3ኛ. ረቂቅዎ በአንቀጽ 14 ላይ ማንኛውም ሰው በባለቤትነት የተመዘገበን ዜማ በሕዝብ ፊት ከማሰማቱና ወደ ኢንተርኔት ከመልቀቁ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅና በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ የሚሰጠውን መልስ መጠበቅ አለበት ይላል። አስቤበታለሁ፣ ይቻላል። የሙሽሪት ወገን አንድ ግጥም ይሸነቁጣል፤ የሙሽራው ወገን መልሱን ጽፎ ለኩባንያው ያመለክታል፤ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በር ላይ አሥራ አምስት ቀን ይቆማል። ቅዳሜና እሑድ የሥራ ቀን አይደለምና አይቆጠርም። በመሐል በዓል ከገባ ደግሞ ሙሽሪት የራሷን አዲስ ሙሽራ የመፈለግ ሰፊ ጊዜ አላት። ወጣቶቻችን ተጣድፈው እንዳያገቡ ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን፤ ሁለቱም ወገን ያመሰግንዎታል።

4ኛ. ዜማው የእኛ መሆኑን ማስመዝገብ እንደምንችል ጽሕፈት ቤትዎ በስልክ ስለነገረኝ ቅጹን አውርጄ ሞላሁ። «የደራሲው ሙሉ ስም» የሚለው ቦታ አንድ መስመር ነው። ሴቶቹን ሰብስቤ ደራሲዋ ማን ናት ብዬ ጠየቅሁ። ባሂራ እናቴ ናት አለች። አጠገቧ ያለችው አይደለም የእኔ አክስት ናት፣ ግን የባሂራ እናት አሳመረችው አለች። ሦስተኛዋ መጨረሻው ላይ ያለው እልልታ የአማቷ መሆኑ እንዲጻፍ ጠየቀች። አመሻሹ ላይ የአንድ መቶ አርባ ስድስት ሴቶች ስም ነበረኝ፤ ዘጠና ያህሉ በሕይወት የሉም። ቅጹ የደራሲውን የስልክ ቁጥር ይጠይቃል።

5ኛ. እስካሁን ያሉትን ስጽፍ እየሳቅሁ ነበር፤ ይህኛውን ስጽፍ ግን አልሳቅሁም።

ከሁለት ወር በፊት ለአክስቴ ለባሂራ ከኩባንያው ደብዳቤ ደረሳት። በስጦታ ያስተላለፈችውን ዜማ ያለ ፈቃድ ማሰማቷን እንድታቆም ያስጠነቅቃል፤ ረቂቁ በአንቀጽ 31 ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሚሠራ፣ ቃላዊ ስጦታም ሦስት ምስክርና የድምፅ ቅጂ ካለው በአንቀጽ 9 መሠረት የማይመለስ መሆኑን ይዘረዝራል። ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እያነበብኩ ሳለሁ ዓይኗ ስልኬ ላይ ነበር። ስጨርስ ማሽኑ አሁንም ይሰማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሂራ ዝም አለች። እንሰት ስትፍቅ የምታንጎራጉር ሴት ነበረች፤ በርበሬ ስትለቅም፣ ልጅ ስታስተኛ፣ ገበያ ስትወርድ የምታንጎራጉር ሴት ነበረች። አሁን ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ስልክ የት እንዳለ ታያለች። በዚያ ላይ ያሳደገቻት የልጅ ልጇ የናጃህ ሠርግ ተቆርጦ ነበር፤ ከራምዚ ጋር፣ ባለፈው እሑድ። ናጃህ ከልጅነቷ ጀምሮ ለእሷ የሚገጠመውን ግጥም ስትጠብቅ ነው ያደገችው። ባሂራ ግን ሠርጉ ላይ ተገኝታ ከማጨብጨብ በቀር እንደማትዘፍን ቁርጧን ነገረቻት። ምክንያቷን ለእኔ ለብቻዬ ነው የነገረችኝ፤ እሷን ቢያስሯት ግድ እንደሌላት፣ ግን እኔ ሁለት ጥፋት እንዳለብኝ ስለምታውቅ፣ በሦስተኛው በአንቀጽ 17 መሠረት ቻናሌ እንዲዘጋና የሰው ሁሉ ሠርግ እንዲጠፋ ምክንያት መሆን እንደማትፈልግ። ክቡር ሆይ፣ ያኔ በጣም ተናደድኩ። ከወረዳችን አንድ ሺህ ዘፋኝ ቢወስዱ አንዲት ባሂራን ዝም ከማሰኘት ይሻላል ብዬ አሰብኩ፤ አሁንም ያው ነኝ።

6ኛ. ስድስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ምስጋና ነው፤ በዚህኛው ላይ እውነቴን ነው።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ኮሚቴዎ በወልቂጤ ከተማ የሕዝብ ውይይት እንደሚያካሂድ ስንሰማ፣ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች አንድ ሚኒባስ ሞልተን በጉብሬ በኩል ተሻግረን መጣን። ባሂራ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን፤ ከፊት የኩባንያዎቹ ተወካዮች ነበሩ፣ አቶ ሰይፉም የታሸገ ውኃ ይዘው ከመካከላቸው ነበሩ። እኔም እንደ ልማዴ ሁለት ካሜራ ተከልኩ። የመክፈቻ ንግግርዎ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ነበር፤ ስለ ረጅም ንግግር የማውቀው ከሽማግሌዎች ምርቃት ነበር፣ እርስዎ በለጧቸው። በመጨረሻም እጅዎን ወደ እኛ ዘርግተው፣ ፊትዎ በፈገግታ በርቶ እንዲህ አሉ፦

«ይህ ረቂቅ የኮሚቴው አይደለም፤ የእናንተ ነው።»

ሁላችንም በልማዳችን «ከቤትዎ አይጥፋ» ልንል አፋችን ተከፍቶ ነበር። ባሂራ እጇን አወጣችና አስቆመችን። ብድግ አለች፤ እርስዎም አዛውንት እናት የሚያመሰግኑዎ መስሎዎት ማይክሮፎን እንዲሰጣት አዘዙ። በትሕትና፣ ጆሮዋ ደከም ስላለ ያሉትን እንዲደግሙላት ለመነችዎ። ደገሙላት። እንዲያውም ረቂቁን ከፍ አድርገው አሳይተው፣ የእናንተ ነው፣ ተረከቡት አሉ። እሷም አቶ ሰይፉን አንድ ጊዜ አየቻቸውና እሳቸው ያስተማሯትን ቃል መለሰች፦

«ተቀብያለሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎም አጨበጨቡ። አቶ ሰይፉ ማጨብጨብ ጀምረው ነበር፤ መሐል ላይ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከሁሉ ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው፤ ሙያ ነውና አልፈርድባቸውም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ሒሳቡን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። በአንቀጽ 9 መሠረት በሦስት ምስክር ፊት የተነገረና በድምፅ የተቀዳ ቃላዊ ስጦታ አይመለስም። እኛ ምስክራችን አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው፤ ቅጂውም በሁለት ካሜራ አለን፣ ድምፁም አልተዘጋም። ተቀባይዋ ወይዘሮ ባሂራ በመሆኗ ረቂቁ የእሷ ነው፤ ፈቃዷን ሳያገኝ ማንም ሊያባዛው፣ በንባብ ሊያሰማው፣ በጋዜጣ ሊያትመው፣ በአባሪነት ሊያስተላልፈው አይችልም። ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት መልስ ይሰጣል። ይህን ሁሉ የእኛ ረቂቅ ነው የሚለው።

ነገሩ አዋጁ ሳይጸድቅ አይሠራም የሚሉ የሕግ ባለሙያዎች አጠገብዎ እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ለእነሱም የባሂራን መልስ አቅርቤያለሁ፤ አዋጁ ከጸደቀ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራልና ረቂቁ የእሷ ነው፤ ካልጸደቀ ደግሞ በሳላሀዲን ልጅ ሠርግ ላይ የታተመው አውራ ጣት ምንም አይደለምና ዘፈኑ የእሷ ነው። የትኛውን እንደሚመርጡ ለእርስዎ ትታለች፤ እንግዳ አይደሉ?

እሑድ ዕለት የናጃህ ሠርግ ተደረገ። ባሂራ በአዋጁ ባለቤትነቷ ለራሷ ፈቃድ ሰጠች፤ ፈቃዱን ጽፌ አነበብኩላት፣ በአውራ ጣቷ አተመችበት። ከዚያ ተነሣችና ዘፈነች። ናጃህ አለቀሰች፣ ኩሏ ፈሰሰ፣ እኔም ካሜራውን ይዤ አለቀስኩ፤ ምስሉ በዚህም ምክንያት ተንቀጥቅጧል። ራምዚንም፣ ሚዜዎቹንም፣ ሚኒባሱንም ሸነቆጠች፤ የሁለት ወር ዝምታ ውስጧ ተከማችቶ ኖሮ እስኪመሽ አላባራችም። ለእርስዎም ሁለት ግጥም ገጥማለች። እዚህ አልጽፋቸውም፤ የግጥም ጣዕሙ ፊት ለፊት ቆመው ሲሰሙት ነው፤ በሚቀጥለው ሠርግ ቦታ እንይዝልዎታለን።

ሠርጉን ማክሰኞ ጭኜዋለሁ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ነው። ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ ድምፁ አለ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሃምሳ ሁለት ደቂቃዎ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ቸርነትዎ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሁለት ጥፋት የተመዘገበባት፣ ሦስተኛውን በጉጉት የምትጠባበቅ፣
የ«ሙሽሪት በቡታጅራ» አዘጋጅ፣
የረቂቅ አዋጁ ባለቤት የወይዘሮ ባሂራ የእህት ልጅና ጸሐፊ፣
መሕቡባ ሸምሶ
ቡታጅራ

ግልባጭ፦ ለአቶ ሰይፉ። ሱፉን የተዋሰው ሚዜ ሰላም ብሎዎታል፤ ሱፉን ለባለቤቱ መልሷል።

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ያለውን ካነበቡ በኋላ የረቂቁን ጉዳይ በደንባችን መሠረት መጨረስ ቢፈልጉ ምን እንደምትል ባሂራን ጠይቄያት ነበር። በሩ ክፍት ነው ብላለች። ቡታጅራ ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ፤ ከዚያ ረቂቁ እንዳማራት ትነግርዎታለች፣ እርስዎም «የእርስዎ ይሁን» ይሏታል፣ እሷም በዚህኛው ጊዜ «ከቤትዎ አይጥፋ» ትልዎታለች። ለዚህ የምትጠይቀው አቶ ሰይፉ አብረው መጥተው፣ በሠርጉ ቀን የረሱትን ይህንኑ ቃል ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲሉላት ብቻ ነው። አሳዳጊ ላልነገረው ሰው መንገር የማንም ነውር አይደለም ትላለች።